ክዳኑ እስኪነሣ ድረስ፦ የፕሮፌሰር ኮራሊ ጁን ሃርዲማን የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰር ኮራሊ ጁን ሃርዲማን ከአባታቸው ከአቶ ሮይ ሃርዲማንና ከእናታቸው ከሎርና እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1961 በጊልባን ከተማ፣ በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለእኛ ለነባር ሕዝብ ሴቶች አልጋ የሚዘረጋው ውስጥ ሳይሆን በረንዳው ላይ ነበር። የተወለዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፔሊካን የሚባሉ ሰባ የሚያህሉ ትልልቅ የውሃ ወፎች ምንም ድምፅ ሳያሰሙ በከተማዋ ላይ አለፉ። ጥላቸው በበረንዳው ወለል፣ በነጩ አንሶላና በሕፃኗ ፊት ላይ አንድ በአንድ ተንሸራተተ። እናታቸው ይህ ደግ ምልክት አይደለም ብላ አለቀሰች። ታላቅ እህቷ ወይዘሮ ሜቪስ ግን "ወፎቹ ውሃ ፍለጋ ነው የሚሄዱት፤ አንቺን ማን ከቁም ነገር ቆጠረሽ?" ብለው አንሶላውን አስተካከሉላት።

ይህን ታሪክ በደብተር ያሰፈረችው እናታቸው ሎርና ናት። እየሰሙ ያረሙት አክስታቸው ወይዘሮ ሜቪስ ናቸው። በወንዛችን ልማድ የሟች ስም በቀብሩ ዕለት ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠራል፣ ሲጀመርና ሲያበቃ። ከዚያ በኋላ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ስሙም ድምፁም ያርፋል። እንግዶቻችን ዛሬ የእርሳቸው ድምፅ ለምን እንደማይሰማ ጠይቃችሁናል። ምክንያቱ ከሕይወታቸው ውስጥ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙን በትሕትና እንጠይቃለን።

የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዋራንዳ ሚሲዮን፣ ከትልቁ ወንዝ ዳር በቆመች ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበሩ ቤት የሚገኙት ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ ነበር። ያ ዘመን ልጆቻችን በመንግሥት ትእዛዝ ከእናቶቻቸው እቅፍ የሚወሰዱበት ዘመን ነው። ግራጫዋ የመንግሥት መኪና አቧራ እያስነሣች ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል እናታቸው ልጇን አንጠልጥላ ወደ ሸምበቆው ትሮጥ ነበር። መኪናዋ ሳትመጣም የሮጠችበት ቀን ብዙ ነው። የፖስታው መኪና አስሩጧታል፣ የወተቱ መኪና አስሩጧታል፣ አንድ ጊዜም የቄሱ መኪና። ወንድሟ አቶ ክላሪ "ሎርና፣ ዛሬ ደግሞ ደመናው ነው ያባረረሽ?" እያሉ ይስቁባት ነበር። ሁለት ጊዜ ግን እውነተኛዋ መኪና መጥታ ባዶዋን ተመልሳለች።

እርሳቸው ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ፍርሃትን አያነሡም ነበር። የሚያስታውሱት ሸምበቆው እርስ በርሱ ሲንሾካሾክ፣ ብርሃን በውሃው ላይ ተሰባብሮ ሲንሳፈፍ፣ የእናታቸው ልብ ከጀርባቸው በኩል ሲመታ ነው። አንዳንድ ጊዜ ወንዙ ቆሞ እነርሱ የሚሄዱ ይመስላቸው ነበር። ትልቅ ሰው ከሆኑም በኋላ ስብሰባ ሲረዝምባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይሉ ነበር። "የት ሄድሽ?" ሲባሉ መልሳቸው "ሸምበቆው ውስጥ" ነው።

ከ1967 ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ ክረምቶች አንድ ምሁር ሻንጣ የሚያህል የድምፅ መቅረጫ ይዞ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዋራንዳ ይመጣ ነበር። የሚመጣው ወደ አያታቸው ወደ ወይዘሮ ኤልሲ ነው። ወይዘሮ ኤልሲ የወንዙን ቋንቋ አቀላጥፈው ከሚናገሩት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዷ ነበሩ። እሳቱ ዳር ተቀምጠው ወንዙ እንዴት እንደተፈጠረ፣ የትኛው መታጠፊያ የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ትልቁ ዓሣ ማንን እንደሚፈራ እየተረኩና እየዘፈኑ አስቀረጹ። እርሳቸው ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩና በአያታቸው ጭን ላይ ተኝተው ያዳምጡ ነበር። የትኛውን ነቅተው የትኛውን በሕልማቸው እንደሰሙት ከዚያ ወዲህ ለይተው አያውቁም ነበር።

ምሁሩ በሦስተኛው ክረምት ሲሰናበት "ለልጆቻችሁ መልሼ አመጣዋለሁ" ብሎ ሄደ። ወይዘሮ ኤልሲ በ1971 ዐረፉ። ምሁሩም አልተመለሰም። እርሳቸው ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ጫፍ ይቆሙ ነበር። እናታቸው በዚያ መንገድ የሚመጣውን ስትፈራ ኖረች፤ እርሳቸው ደግሞ በዚያው መንገድ የሚመጣውን ሲጠብቁ አደጉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮኑ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጊልባን ተከታተሉ። እናታቸው እስከ ዘጠነኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ቤት ተምራ ስለነበር፣ ማን ዱላ እንደሚወድና የትኛው ወንበር ላይ እንደማይቀመጡ አስቀድማ ነገረቻቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ርዕሰ መምህሩ ለልብስ አጣቢነት ሥራ እንዲመዘገቡ መከሩ። አባታቸው የሐዲድ ሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቢሮው ገብተው ቆባቸውን አወለቁና "ጌታው፣ ልጄ የምትፈልገው ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተቀመጠው። እዚያ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?" አሉ። "ውጤት ነዋ" ተባሉ። "እንግዲያው ታመጣዋለች፤ እናንተ ብቻ ከመንገዷ ዞር በሉላት" ብለው ቆባቸውን አጥልቀው ወጡ።

በ1978 ከዋራንዳ ልጆች የመጀመሪያዋ ሆነው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ወደ መምህራን ኮሌጅ ሲሄዱ እናታቸው ሻማ፣ ገመድ፣ የብርድ ልብስ፣ የእባብ ንክሻ ማሰሪያም ሻንጣቸው ውስጥ ከተተች። "እማ፣ ከተማ ውስጥ እባብ የለም" ቢሏት "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ብላ ሁለተኛ ማሰሪያ ጨመረች። ማሰሪያዎቹ ባለፈው ወር በመሳቢያቸው ውስጥ እንደታሸጉ ተገኝተዋል።

ከ1982 ጀምሮ በጊልባን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1985 የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ኔቪል ኦክሌይ ጋር በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መሠረቱ፤ ልጆቻቸውን ታሊታንና ጃርድን አፈሩ። አባታቸው ሠርጉን ሳያዩ በ1984 በልብ ሕመም ዐርፈው ነበርና፣ በሠርጉ ዕለት የእርሳቸው ወንበር ላይ ቆባቸው ተቀምጦ ዋለ። ቤተሰብ እያስተዳደሩ በርቀት ተምረው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1993፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1999 ተቀበሉ። የጥናታቸው ጥያቄ "የተቀረጸ ድምፅ የማን ነው?" የሚል ነበር።

በ2003 በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። የአያታቸውን ድምፅ የቀረጸው ያ ምሁር የሠራበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 የነባር ሕዝቦች ጥናት ማእከል ኃላፊ፣ በ2014 ደግሞ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሹመቱ የተሰጣቸው ተቋሙን ከቅኝ ገዢዎች ልማድ እንዲያላቅቁ ነው። አቶ ክላሪ ይህን ሲሰሙ "እሺ፣ ቅኝ ገዢውን ከወንበሩ ታስነሺዋለሽ ወይስ አጠገቡ ትቀመጫለሽ?" ብለው ጠየቁ። "አጎቴ፣ ወንበሩን ይያዘው፤ እኔ የምፈልገው ቁልፎቹን ነው" ብለው መለሱ።

ሥራቸው ብዙ ነውና ሁሉንም ልንዘረዝር አንችልም። ለቅሶ የሄደ ተማሪ በፈተና እንዳይወድቅ፣ ከወንዙ የሚመጡ ልጆች በማደሪያ ከዘመዶቻቸው ጋር እንዲኖሩ፣ ሽማግሌዎቻችን በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው አደረጉ። ስለ እኛ የሚያስተምር ማንኛውም መምህር ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ዋራንዳ መጥቶ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ደንብ አወጡ። ከሁሉ የከበደው ዝምታው እንደነበር ወይዘሮ ሜቪስ ይናገራሉ፤ ከእንግዶቹ አንዱ በሦስተኛው ቀን ከውሻው ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ የአያታቸውን ድምፅ መፈለጋቸውን አላቆሙም። በ2015 በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ "የወንዝ ወፎች ድምፅ" ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን ተከፍቶ አርባ አንድ የቴፕ ጥቅልሎች ተገኙ። ድምፃችን አርባ ስድስት ዓመት ወፍ ተብሎ ተቆልፎበት ነበር። እርሳቸው ምድር ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ሣጥኑን አቅፈው እንዳለቀሱ አብሯቸው የነበረው ሠራተኛ ነግሮናል።

ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ደስታ ነው። ስሕተት መሆኑን ራሳቸው በየመድረኩ ይናገሩ ስለነበር እኛም አንደብቀውም። በወንዛችን የሞተ ሰው ድምፅ እንደ ተኛ ሰው ነው፤ በድንገት አይቀሰቀስም። የቤተሰቡ ታላቅ ሴት ውሃው ዳር ተቀምጣ "ልንጠራሽ ነው" ብላ ትነግራለች፤ ክዳኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይነገረው የተቀሰቀሰ ሙት በድምፁ የአንድን ሰው ስም ከጠራ፣ የተጠራው ሰው ይከተለዋል ይባላል። እርሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው ሕግ ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከጉባኤው ዐሥራ ሰባት ፊርማ ሲሰበስቡ ከርመው፣ ያን ሁሉ ፈቃድ ከያዙ በኋላ የቀረ አልመሰላቸውም። እናታቸውንና አክስታቸውን ሊያስደንቁ ፈልገው ሳይነግሯቸው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

አራት መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ የወይዘሮ ኤልሲ ድምፅ ተለቀቀ። መጀመሪያ ዘፈኑ መጣ። አዳራሹ ውሃ የሞላበት ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም ወይዘሮ ኤልሲ በወንዙ ቋንቋ "ሎርና፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው፤ እንጨት ጨምሪ" አሉ።

ወይዘሮ ሜቪስ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። ዐሥራ ሦስት ሴቶች ተከትለዋቸው ወጡ። ሎርና ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። በአዳራሹ የቀሩት ሰዎች ነገሩ ልባቸውን ስለነካው አጨበጨቡ። በር ላይ ወይዘሮ ሜቪስ የእህታቸውን ልጅ አስቁመው "እናቴን በአራት መቶ ሰው ፊት ከእንቅልፏ ጎትተሽ አስነሣሻት። እነሱ ሲወስዱብን ሌቦች ናቸው ብለን ተገላገልን፤ አንቺን ምን ልበልሽ?" አሏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታቸው ተጠርቻለሁ ብላ ሞቷን ትጠብቅ ጀመር። ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጠች። የምትቀበርበትን ልብስ ተኩሳ ሰቀለች፤ እንዳይሳሳቱ ወረቀት ለጠፈችበት። እርሳቸው በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ወንዙ ላይ ስትተኛ፣ ይደውሉ ነበር። "እማ፣ እዚህ ነኝ። አንቺስ?" ይላሉ። "እስካሁን አለሁ" ትላለች። ስምንት ዓመት ያህል ይህ አልተቋረጠም።

ስሕተቱን ለማረም የሄዱት መጀመሪያ ወደ ጉባኤው ሳይሆን ወደ ወይዘሮ ሜቪስ በር ነው። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከአጥሩ ውጭ በታጣፊ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ሜቪስ አትክልት ሲያጠጡ ውሃውን እስከ ጫማቸው ድረስ አመጡት እንጂ ቃል አልተናገሩም። በሁለተኛው ቀን ዘነበ። ወይዘሮ ሜቪስ በሎርና እጅ ጃንጥላ ላኩና "ለወንበሩ ነው በያት፤ ወንበሩ የእኔ ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፍተው "ግቢ በቃ። ጎረቤቱ ሃይማኖት ሰባኪ መስለሽው መጋረጃውን ዘግቷል" አሏቸው።

ወጥ ቤት ውስጥ ፍርዱ ተሰጠ። "ቴፖቹ ይመጣሉ። መልሰው ይዘጋሉ። ክዳኑን የሚያነሣው ቤተሰብ ነው፤ የእኛን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም ወንዝ ድምፅ" አሉ ወይዘሮ ሜቪስ።

"አክስቴ፣ ዩኒቨርሲቲው እሺ አይልም።"

"አንቺ ምክትሉ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ።"

"እንግዲያው ግማሹ እሺ ብሏል። ሂጂና ግማሹን ጨርሺ።"

ያ ግማሽ ሦስት ዓመት ፈጀ። ዕውቀት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት የሚሉ የተከበሩ ምሁራን ተቃወሟቸው። እርሳቸው የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን በቦርሳቸው ይዘው ነበር ወደ ስብሰባው የሚገቡት። አንድ ቀን ተነሥተው "አርባ ስድስት ዓመት ወፍ ነው ብላችሁ ስትቆልፉበት ስለ ክፍትነት የተናገረ አልነበረም። እኔም ራሴ ያለ ፈቃድ ከፍቼ እናቴን ከእንቅልፍ ለይቻታለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም፤ ያጠፋሁትን ስለማውቀው ነው" አሉ። በ2018 ጉባኤው በዋራንዳ፣ በወንዙ ዳር ተሰብስቦ የክዳን ደንብ የሚባለውን በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀ። በዚያን ዕለት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጫማ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲታገሉ አቶ ክላሪ "አይታገሉ ጌታው፤ አገሩ ፊርማዎን እየጠበቀ ነው" ብለዋቸዋል።

በ2019 ግንቦት ወር ቴፖቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዩኒቨርሲቲው የጭነት መኪና ቢያዘጋጅም አቶ ክላሪ እንቢ ብለው ሣጥኑን በራሳቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው በቀበቶ አሰሩት። "እማን መኪና ያስመልሳት ነበር" እያሉ በየኩርባው ቀስ እያሉ ነዱ። እርሳቸው ከሣጥኑ ጎን ተቀምጠው እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ወንዙን ሸፍኖት ነበር፤ ከባሕር ዛፎቹ ጫፋቸው ብቻ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ሜቪስ ውሃው ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ነከሩና "እማ፣ እኔ ነኝ። ልንጠራሽ ነው። ባለፈው ያስነሣችሽ ሕፃን ናት፤ አላወቀችም" አሉ። ሕፃኗ ያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ክዳኑ ተነሣ። ዘፈኑ በጉሙ ውስጥ ሄደ፤ ከማዶም የተመለሰ መሰለን። ሳሉ መጣ፤ ጥሪውም መጣ። ሎርና በእጇ ይዛው የነበረውን ግንድ እሳቱ ላይ ጨምራ "ጨምሬያለሁ፣ እማ። አርፊ" አለች። ጉሙ ሲገፈፍ ፔሊካኖቹ ውሃው ላይ ነበሩ፤ መቼ እንደወረዱ ያየ የለም። እናታቸው ያን ሳምንት ተኝታ አደረች። የቀብር ልብሷንም ከተሰቀለበት አውርዳ አጣጠፈችው። አያታቸው ከዚያ ወዲህ በስማቸው ይጠራሉ፤ የዋራንዳ ልጆችም ቋንቋውን ከእርሳቸው ድምፅ ይማራሉ።

በጥቅምት 2022 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አወቁ፤ እናታቸው ግን ለአራት ወር አላወቀችም። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት በዚያው በደስተኛ ድምፃቸው ይደውሉ ነበር። ሕይወቷን ሙሉ ክፉ ወሬ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ያን ጊዜ ብቻ አልጠበቀችም። በየካቲት ዋራንዳ መጥተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሯት። "ለምን ደበቅሽኝ?" ስትላቸው "እማ፣ ፈርተሽ ስትኖሪ ሃምሳ ዓመት አይቼሻለሁ። ሳትፈሪም ትንሽ ልይሽ ብዬ ነው" አሉ።

የመጨረሻ ወራታቸውን በዋራንዳ አሳለፉ። አልጋቸው መስኮቱ ሥር፣ ወንዙን ፊት ለፊት አድርጎ ተቀመጠ። እንቅልፍና ንቃታቸው እየተደባለቀ ሄደ። አንዳንድ ቀን "ውሃው ቆሟል፤ እኛ ነን የምንሄደው" ይሉ ነበር። በሐምሌ ወር መጨረሻ አምስት ቀን ጊልባን ሆስፒታል ተኙ። የተወለዱበት በረንዳ ዛሬ በመስታወት ተዘግቶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል፤ እርሳቸው ግን አልጋቸው ወደዚያ እንዲገፋ ጠየቁ፤ ተገፋላቸውም። በአራተኛው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለእናታቸው ደወሉ። ሎርና ለመምጣታቸው አንሶላ አጥባ ውጭ እያሰጣች ነበርና ስልኩን አልሰማችም። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚረዝም የድምፅ መልእክት ተቀመጠ። በማግስቱ ራሳቸው ቤት መጡ፤ እርሳቸው በአካል እያሉ መልእክቱን የሚያዳምጥ አልነበረም። ሐሙስ ነሐሴ 3 ቀን 2023 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እጃቸው በእናታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዩኒቨርሲቲው ሦስት መቶ ሰዓት የሚሆን ንግግራቸው በእጁ አለ። ፕሬዚዳንቱ ባለፈው ማክሰኞ ደውለው ከዚያ ጥቂቱ ዛሬ እንዲሰማ በአክብሮት ጠየቁ። ወይዘሮ ሜቪስ ስልኩን ተቀብለው "በጭቃችን ላይ የፈረሙትን ያስታውሱ፣ ጌታው" አሉ። ፕሬዚዳንቱ አስታወሱ፤ ይቅርታም ጠየቁ፤ እናመሰግናቸዋለን።

ወይዘሮ ሜቪስ ስልኩን ከዘጉ በኋላ የእህታቸውን የሽርጥ ኪስ እያዩ "እሱስ?" አሉ።

"ይሄ የዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ እቴ። የእኔ ስልክ ነው። የደወለችውም ለእኔ ነው" አለች ሎርና።

"ድምፅ ነው ወይስ አይደለም?"

"ድምፅ ነው።"

"ልጅሽ ለዚህ ነገር ብላ ሦስት ቀን ደጄ ተቀምጣለች፤ ዝናብም መቷታል።"

ሎርና ኪሷን በእጇ ሸፈነች። በመልእክቱ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እንደ ልማዷም ክፉ ክፉውን አስባለች። ሕመም በርትቶባቸው ሲጠሯት ይሆን? መጥታ እንድትወስዳቸው ሲለምኗት ይሆን? በመጨረሻ ስልኩን አውጥታ ሰጠች። ወይዘሮ ሜቪስ በብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጠው ከደኑት።

"መቼ ነው የሚነሣው?" አለች ሎርና።

"ወንዙ ሞልቶ የደጅሽን ሦስተኛ ደረጃ ነክቶ ሲመለስ።"

"ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ወንዙ እስኪሞላ ላልደርስ እችላለሁ።"

"ዕድሜሽን ሙሉ ሞትን ስትጠብቂ ኖረሽ አልመጣልሽም። አሁን ደግሞ ውሃ ጠብቂ" አሉ ወይዘሮ ሜቪስ። ቀጥለውም ቀስ ብለው "እኔ ቀድሜሽ ከሄድኩ ታላቋ አንቺ ነሽ። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ ንገሪያት" አሉ።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ የምትሰሙት የወንዙን ድምፅ ብቻ ነው። እርሳቸው የጻፉት ደንብ መጀመሪያ በቤታቸው እየተፈጸመ ነው። እናታቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረጃው ላይ ወጥታ ትቀመጣለች፤ ውሃው ከሦስተኛው ደረጃ ስንት ስንዝር እንደቀረው ታያለች፤ ማንም ባይጠይቃትም "እስካሁን አለሁ" ትላለች። በዚያ መንገድ የሚመጣውን መጠበቅ ከልጇ ተምራለች።

ባለቤታቸውን አቶ ኔቪል ኦክሌይን፣ ልጆቻቸውን ታሊታንና ጃርድን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ሎርናን፣ አክስታቸውን ወይዘሮ ሜቪስን፣ አጎታቸውን አቶ ክላሪን፣ በየትምህርት ክፍሉ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውንም ትተውልን ሄደዋል። የሩቅ መንገድ መጥታችሁ አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በሰላም ወደየቤታችሁ ያግባችሁ።

የወንዙ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በአባታቸው በአቶ ሮይና በአያታቸው በወይዘሮ ኤልሲ እሳት ዳር ያሳርፍ። ሸምበቆው ይሸፍናቸው፤ የሚያሯሩጥ መኪና በማይደርስበት፣ ውሃው በማይቆምበት ይተኙ። ስማቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ጠርተን እንከድናለን፦ ፕሮፌሰር ኮራሊ ጁን ሃርዲማን።